ከውሃ የወጣው ክንፍ

ሻምበሉን ሥራ ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን ቀድሜ የምናገረው ደግ ሰው ነበር እንድትሉኝ አይደለም። ያስገባሁት ቱታ ለብሶ፣ እጁ ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ «እስቲ ያንን ያቀብሉኝ» ስለው ጎንበስ ብሎ ሲያቀብለኝ ለማየት ነው። እዚህ ወረቀት ላይ «አለ፣ ሄደ» እያልኩ እንደ እኩያዬ እጽፈዋለሁ። ፊት ለፊት ግን አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ወርጄ አላውቅም። ክፋት የሚመቸው በትሕትና ሲሠሩት ነው።

ጊዜው በፈረንጆች አቆጣጠር የዘጠናዎቹ አጋማሽ ነው፤ ቦታው ለንደን። ከሂትሮው አየር ማረፊያ ብዙ ሳይርቅ፣ የሚያርፉት አውሮፕላኖች ሆዳቸውን እያሳዩን በላያችን የሚያልፉበት አንድ ትልቅ የቆርቆሮ መጋዘን ነበር። እዚያ የምንሠራውን ሥራ ለሰው ስነግር ቀልድ ይመስለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ውስጥ ወድቀው የቀሩ ተዋጊ አውሮፕላኖችን እያወጣን እንጠግን ነበር። እያወጣን ስል፣ የሚያወጡት ጠላቂዎች ናቸው። ለእኛ የሚደርሰን በጭነት መኪና ተጭኖ፣ ጭቃና ዛጎል ለብሶ፣ ዓሣ ዓሣ እየሸተተ ነው። የመጋዘኑ ባለቤት ስልሳውን ያለፈ ሀብታም እንግሊዛዊ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም፤ ሲቆጣ ጭራሽ ዝቅ ያደርገዋል። ከአገር ቤት በስልክ «ምን ትሠራለህ?» ሲሉኝ «አውሮፕላን» እላለሁ፤ ደስ ይላቸዋል። ምን ዓይነት አውሮፕላን እንደሆነ አልነግራቸውም።

እኔ ደብረ ዘይት አየር ኃይል ውስጥ ሃምሳ አለቃ ነበርኩ። ሥራዬ የአውሮፕላን አካል መጠገን ነው፤ ቆርቆሮውን መቁረጥ፣ ማጠፍ፣ ሪቬት በሚባለው የብረት ምስማር መምታት። ሻምበሉ አለቃዬ ነበር። አሜሪካም ሩሲያም ልከው ያስተማሩት፣ ሱሪው እጥፋቱ የማይበላሽ፣ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ የሚሄድ ሰው። አንድ ቀን ከውጭ የመጡ አስተማሪዎች ባሉበት አንድ የተጠገነ ክንፍ አይቶ «ይህ ዝግጁ ነው፣ ይብረር» አለ። እኔ ከኋላ ቆሜ «ጌታዬ፣ ከሥሩ ስንጥቅ አለ» አልኩ። ከፍተው አዩት፤ ስንጥቅ አለ። አስተማሪዎቹ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። እነሱ ምሳ ሲሄዱ ሻምበሉ ጠራኝና ከማኮብኮቢያው ዳር ጠጠር ላይ አንበረከከኝ። የመሣሪያ ሳጥኔን በሁለት እጄ ከአናቴ በላይ አሸከመኝ። ሰልጣኞች በፊቴ እያለፉ ዓይናቸውን ይሰብራሉ። «ሃምሳ አለቃ የሚናገረው ሲጠየቅ ነው» አለኝ። አርባ ደቂቃ ቢሆን ነው። በዚያ ጦር ቤት ከዚህ የባሰ ያልደረሰበት ሰው የለም፤ የእኔ ግን ጉልበቴ ውስጥ ቀረ።

መንግሥት ሲለወጥ ሁላችንም ተበተንን። ሻምበሉን መልሼ ያገኘሁት ከአራት ዓመት በኋላ ሃርልስደን የሚባል የለንደን ሰፈር ውስጥ ነው፣ የስልክ ካርድ የሚሸጥ ሱቅ በር ላይ ተሰልፎ። ከስቷል፤ ፀጉሩ ሸብቷል። የመኪና ማቆሚያ ጠባቂዎች የሚለብሱትን ቢጫ ጃኬት ለብሷል። «ሃምሳ አለቃ!» ብሎ ጮኸ። ሰልፉን ትቶ መጥቶ አቀፈኝ፤ አለቀሰ። እኔ እጄን ጀርባው ላይ አድርጌ ቆምኩ። ያንን ጠጠር ፈጽሞ አያስታውሰውም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው ለካ እንዲህ በመተቃቀፍ መሐል ነው የሚገባው።

ካርዱን የሚገዛው ለሚስቱና ለአንድ ልጁ ነበር። ወዲያውኑ፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ ችግሩን ዘረገፈልኝ። «እዚህ አገር አራት ዓመቴን ጨርሻለሁ፤ አሁን ፋሚሊ አፕላይ ማድረግ፣ ሚስቴንና ልጄን ማስመጣት እችላለሁ። ግን ቋሚ ሥራ እንዳለኝ አሠሪ የጻፈው ደብዳቤ አምጣ አሉኝ። የእኛ ሥራ ደግሞ ኤጀንሲ ነው፤ ማን ይጽፍልኛል? ልጅቱ እኮ የዛሬ ዓመት ኦገስት ማለቂያ ላይ አሥራ ስምንት ትሞላለች። ከሞላች አለቀ፤ አዋቂ ናት ይላሉ፣ ከእናቷ ጋር አያስገቧትም።» ያን ቀን ኬኒንግተን ያለችው አንዲት ክፍል ቤቱ ድረስ ሸኘሁት። ግድግዳው ላይ የልጅቱን ፎቶ ለጥፏል፤ የትምህርት ቤት ሹራብ የለበሰች፣ ግንባረ ሰፊ ልጅ። «እኔ የምሠራበት ቦታ ልጠይቅልዎ» አልኩት። እጄን ሊስም ሲል ሸሸሁ።

የመጀመሪያዎቹ ወራት ያሰብኩት ሆኖልኝ ነበር። ዛጎል የሚፍቀው እሱ፣ የሚጠርገው እሱ፣ የማዘው እኔ። ምን ዋጋ አለው፣ ደስታዬ አልቆየም። ሻምበሉ ሥራ አይንቅም፤ በየስንጥቁ የደረቀውን ጭቃ እንደ መድኃኒት ቀስ ብሎ ነበር የሚያነሳው። አንድ ቀን ባለቤቱ ከጎኑ ቆሞ አየውና ስለ ሥራው ጠየቀው። ሻምበሉ በዚያ ከመጽሐፍ በተማረው ደረቅ እንግሊዝኛ ስለ ክንፍ አጥንቶች፣ ስለ ሸክም፣ ስለ ብረት ድካም አስረዳው። በሳምንቱ ሁለቱ አንድ ጠረጴዛ ላይ ሥዕል ዘርግተው ሻይ ሲጠጡ አየኋቸው። በወሩ ባለቤቱ ጠራንና በፈረንጆቹ በጋ የሚመጣውን የሚቀጥለውን ክንፍ ሻምበሉ እንዲመራው፣ እኔ እንድረዳው ነገረን። ክንፉ በደንብ ከተያዘ ሻምበሉን ቋሚ ሠራተኛ አድርጎ ደብዳቤውን ሊጽፍለት ቃል ገባ። ሻምበሉ ወደ እኔ ዞሮ በአማርኛ «አየህ አምላክ ሲሠራ! አሁንም አብረን ሆንን፣ ሃምሳ አለቃ» አለኝ። ከልቡ ነበር። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ስለ ይቅርታ ሲሰበክ ሰማሁ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ማለት እኔ ነኝ ብዬ አሰብኩ፤ ግን አላፈርኩም።

ክንፉ ከተባለው ቀን ቀድሞ ጁን ላይ መጣ። ባለቤቱ ለሦስት ሳምንት አሜሪካ ሄዷል። ሻምበሉ ያን ቀን ስለ ማመልከቻው ጠበቃ ዘንድ ስለሄደ ያወረድኩት እኔና የጭነት መኪናው ሰዎች ነን። ከእኔ ቁመት ሦስት እጥፍ የሚረዝም ክንፍ ነው፤ ቀለሙ እንኳን እዚህም እዚያም አለ። በተባልኩት መሠረት ንጹሕ ውሃ የሞላ ትልቅ ገንዳ ውስጥ አስገባነው። ከሰዓት በኋላ ስልክ ጮኸ፤ ባለቤቱ ነው። «ለሻምበሉ መንገር የረሳሁት ነገር አለ። ክንፉ እኔ እስክመጣ ከውሃው እንዳይወጣ። አንተ ታውቃለህ፣ ንገረው» አለኝ።

አዎ፣ አውቃለሁ። ከእሱ በፊት የመጀመሪያውን አውሮፕላን ስንሠራ ነበርኩ። ከባሕር የወጣ አሉሚኒየም ቶሎ መድረቅ የለበትም። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ጨው ጠጥቷል፤ ጨውም ላዩ ላይ ሳይሆን ውስጡ ነው። ውሃ ውስጥ እያለ ይተኛል። አየር ሲያገኝና ሲደርቅ ግን ይነሳና ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ ገንዳ ውስጥ ይቀመጣል፤ ውሃው በየሳምንቱ ይለወጣል። ጨው የሚለካ ቁራጭ ወረቀት እየነከርን እናያለን፤ ወረቀቱ ጨው የለም እስኪል ወራት ይፈጃል። ሻምበሉ ሲመጣ የመጀመሪያው አውሮፕላን ይህን ሁሉ አልፎ ደርቆ ነበር፤ ገንዳውም ባዶ ነበር። ማንም አልነገረውም። ለባለቤቱ «እሺ፣ እነግረዋለሁ» አልኩና ስልኩን ዘጋሁ።

በማግስቱ ጠዋት ሻምበሉ መጣ፤ ገንዳውን ሁለት ጊዜ ዞረው። ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ያ የደብረ ዘይቱ ፊት ነው፤ ለንደን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት።

«ይኼ ክንፍ ሃምሳ ዓመት ውሃ ውስጥ ከርሞ ስንት ተደክሞበት ወጣ። እናንተ መልሳችሁ ውሃ ውስጥ ትከቱታላችሁ? ማነው እንዲህ አድርጉ ያለው?»

«ያወረዱት ሰዎች ናቸው» አልኩ። የመጀመሪያው ውሸቴ ይህች ናት።

«የማያውቁ ናቸዋ! አሰብ ተመድቤ ሳለሁ አውሮፕላን ከቀይ ባሕር ላይ ሲመለስ ምን ነበር የምናደርገው? በንጹሕ ውሃ አጥበን፣ አድርቀን፣ ዘይት እንቀባዋለን። አለቀ። አንድም ብረት አልበሰበሰብንም። ገንዳውን አፍስሰው።»

ልክ ነበር፤ ትናንት ባሕር ላይ ለበረረ አውሮፕላን ልክ ነው። እኛ የምናውቀው ባሕር ላይ የሚበር አውሮፕላን እንጂ ባሕር ውስጥ የኖረ አይደለም። አገራችን ውስጥ ከባሕር ወጥቶ የተጠገነ አውሮፕላን ማን አየ? ስህተቱ የአዋቂ ስህተት ነበር፤ ያልተማረ ሰው እንዲህ አይሳሳትም። አንድ ቃል ብናገር ኖሮ ይገባው ነበር። ጎበዝ ቴክኒሻን ነው፤ ሁለተኛ ማስረዳት አያስፈልገውም። እኔ ግን አልተጠየቅኩም። ተረከዜን ገጠም አድርጌ «እሺ ጌታዬ» አልኩ። ለንደን ከገባሁ ማንንም «ጌታዬ» ብዬ አላውቅም። ደስ አለውና ፈገግ አለ።

ሦስት ቀን ሙሉ ሠራን። እንዲያ ያለ ሥራ አይቼ አላውቅም። በቧንቧ ውሃ ደጋግሞ አጠበው። በሩን ከፍቶ ፀሐይ አስገባበት፤ ሁለት ማራገቢያ ተከራየ። ስንጥቁ ውስጥ ሁሉ የጨርቅ ጫፍ እያስገባ ወለወለው። ዘይቱን በመዳፉ ነበር የሚቀባው። ሲቀባ ስለ ልጁ ያወራል። እንግሊዝኛ ትምህርቷ አንደኛ መሆኗን፣ ነርስ መሆን እንደምትፈልግ፣ በረዶ ማየት እንደምትናፍቅ። «ከባለቤቱ ጋር ስንገናኝ በዓይኑ ያየዋል። ደብዳቤውን እዚያው ቆሞ ነው የሚፈርምልኝ» አለኝ። ክንፉ አበራ። እኔ ቧንቧ ያዥ ነበርኩ፤ ያንን ሁሉ ቆሜ አየሁ። ውሃ ሲወስድ አሳስቆ ነው ይባላል። እኔም አብሬው ሳቅሁ።

በአምስተኛው ቀን የሪቬቶቹ ራስ ዙሪያ ነጭ ነገር ታየ፤ ዱቄት የነሰነሱበት ይመስላል። ሻምበሉ ጠረገው። በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ በዝቶ። ቀጥሎ ቆርቆሮው ማበጥና እንደ ቂጣ በንብርብሩ መላጥ ጀመረ። ሻምበሉ ዘይት ጨመረ፣ በብሩሽ ፋቀ፣ ጓንቱን አውልቆ በጥፍሩ ሞከረ። ከሰዓት በኋላ ባልዲ ላይ ቁጭ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ አየኝ። «ሃምሳ አለቃ፣ ምን ይመስልሃል? የማላውቀው ነገር አለ። እባክህ፣ ምን ይመስልሃል?»

ጠየቀኝ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ «አልተጠየቅኩም» ብዬ ልቤን እያስተኛሁ ነበር። ያን ቀን ወደ ውሃው ብንመልሰው ዋናው የክንፉ አጥንት ይተርፍ ነበር፤ ይህንንም አውቃለሁ። «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ሻምበል። እርስዎ ያውቃሉ» አልኩት። ቱታዬን አውልቄ ወደ ቤቴ ሄድኩ። አውቶቡስ ውስጥ ደስ ብሎኝ ነበር። ሰው በዚህ ዓይነት ነገር ወዲያው የሚጸጸት ይመስለዋል፤ አይጸጸትም። እንዲያውም ራበኝና ጥሩ እራት በላሁ።

ባለቤቱ ሲመለስ ከክንፉ የተረፈው ለፎቶ ማንሻ እንጂ ለሥራ አይሆንም ነበር። ዋናውን አጥንት በጣቱ ቢነካው ጣቱ ገባ። በዚያ በሚያስፈራ ዝቅተኛ ድምፁ «ከውሃ ያወጣው ማነው?» አለ። ሻምበሉ «እኔ» አለ። ባለቤቱ ወደ እኔ ዞረ፤ «ንገረው ብዬህ አልነበረም?» ከዚያ መልሶ ሻምበሉን ጠየቀው። «አልነገረህም?»

ሻምበሉ አየኝ። ሁሉም ነገር የገባው ያኔ ነው፤ ሲገባው በዓይኔ አየሁት። ስልኩ፣ «እሺ ጌታዬ»ው፣ «እርስዎ ያውቃሉ»ው፣ አንድ በአንድ ፊቱ ላይ አለፉ። ደብረ ዘይትም ትዝ ብሎት እንደሆነ አላውቅም። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና በእንግሊዝኛ «ነግሮኛል። አልሰማሁትም» አለ።

በዚያው ቀን ተሰናበተ። እኔን ባለቤቱ «ክንፉን ያጣነው ባንተ ጥፋት አይደለም» ብሎ የመጋዘኑ ኃላፊ አደረገኝ። አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ሻምበሉን ደረስኩበት። ሊመታኝ ይችላል ብዬ ነበር። ቢመታኝ ጥሩ ነበር።

«ለምን እንዲህ አሉ?» አልኩት።

«እውነቱን ብናገር ሁለታችንም እንባረራለን። ውስጥ የሚቀር ሰው ያስፈልገኛል» አለ። ድምፁ የሥራ ድምፅ ነው፤ የመሣሪያ ዝርዝር የሚያነብ ይመስላል። «ኦገስት ሊያልቅ ሰባት ሳምንት አለ። ሰውየውን ለምንልኝ። መጥረግም ቢሆን እጠርጋለሁ፣ ባንተ ሥር ይሁን። ደብዳቤውን ብቻ ይጻፍልኝ። ይህን ካደረግህልኝ ሌላውን አላነሳብህም።» አውቶቡሱ መጣ። «እሺ» አልኩት።

አልጠየቅኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ባለቤቱ ተቆጥቷል ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁ። በሁለተኛው ሳምንት ምክንያቱም አላስፈለገኝም። ሻምበሉ ሰኞና ሐሙስ ማታ ማታ ይደውላል። «ጠየቅህልኝ?» «ዛሬ አልተመቸም፣ ሻምበል።» «ጠየቅህልኝ?» «ከአገር ወጥቷል።» እንዲያ እያልን ጁላይ አለቀ። አንድ ሐሙስ ስልኩን ሳነሳ «እንደምን አመሹ?» አለኝ። ሌላ ሰው መስሎኝ ነበር። «ጠየቁልኝ ይሆን? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ከሥራ ገብተው ሳያርፉ አስቸገርኩዎት» አለ። ሻምበሉ እኔን፣ ሃምሳ አለቃውን፣ «እርስዎ» አለኝ። ጆሮዬ ጋለ። ጣፈጠኝ፤ ይህን ሌላ ቃል ልፈልግለት አልችልም። አንድ ሳምንት ብቻ ልስማው ብዬ ተውኩት። ሳምንቱ ሲያልቅ ሌላ ሳምንት ጨመርኩበት።

ኦገስት አለቀ። ልጅቱ አሥራ ስምንት ሞላች። ያን ሳምንት ስልኩ አልጮኸም። ዝምታው ያስፈራኝ ጀመር መሰለኝ፣ ሴፕቴምበር ላይ ወደ ባለቤቱ ቢሮ ገባሁ። ሻምበሉ በጥረጋ ሥራ እንዲመለስና ደብዳቤ እንዲጻፍለት ጠየቅኩ። ሰውየው ከሚያነበው ወረቀት ቀና እንኳን አላለም። «ጥሩ። ሰው ይሳሳታል፤ እጁ ጎበዝ ነው። ደብዳቤውን ተይብና አምጣው» አለ። ጠጅ ቤት ዱቤ እንደሚጠይቅ ሰው ስንት ቃል አዘጋጅቼ ነበር የገባሁት። ቡናዬ ሳይቀዘቅዝ ፊርማው ደርቆ ነበር።

ሻምበሉ ሰኞ ዕለት መጥረጊያ ይዞ ሥራ ጀመረ። ባለቤቱ በአጠገቡ ሲያልፍ ቆም ብሎ «እንኳን ተመለስክ። ይህ ወዳጅህ ባለፈው ማክሰኞ ጠየቀኝ፣ ቀድሞ ቢጠይቀኝ ቀድሞ እፈርምልህ ነበር» አለው፤ ደስ ሊያሰኘው ብሎ ነው። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ሻምበሉ «አመሰግናለሁ ጌታዬ» አለና መጥረጉን ቀጠለ። የጠረገው ቦታ ላይ ደግሞ ጠረገ። ከዚያ ወዲያ የፈረንጆቹን ክረምት፣ ብርዱን ሙሉ አብረን ሠራን። ያዘዝኩትን ይሠራል፤ ሲያናግረኝ «እርስዎ» ይላል። ስለሆነው ነገር አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ዝም አይነቅዝም ይባላል። የእሱ ዝምታ አልነቀዘም፤ እኔ ነኝ የነቀዝኩት። «አንተ» እንዲለኝ በስንት መንገድ ሞከርኩ። ቀለድኩ፣ ሲጋራ ሰጠሁ፣ ሆን ብዬ ተሳሳትኩ። «እርስዎ ያውቃሉ» ይለኛል።

መልሱ ከገና በኋላ መጣ። ሚስቱ ተፈቀደላት። ልጅቱ ማመልከቻው ሲገባ አሥራ ስምንት ስላለፋት ተከለከለች። ይግባኙም ተሞከረ፤ ጠበቃው «ቀኑ ቀን ነው፣ ምንም ደብዳቤ አይመልሰውም» አለ። ይህን የነገረኝ ሻምበሉ ነው፣ ወለል እየጠረገ፤ የአየር ሁኔታ ያወራ ይመስል ነበር። ከዚያ «ባለቤቴ በኤፕሪል ትገባለች። መኪና ያለዎት እርስዎ ነዎት፤ ሂትሮው ያደርሱኛል?» አለኝ። እንዴት እምቢ እላለሁ?

ጠዋት ነበር የደረሰችው። ከመንገደኞቹ መውጫ በር የወጣችው ሴት ቀጭን፣ ነጠላዋን በካፖርት ላይ የደረበች፣ ሁለት ሻንጣ የምትገፋ ነበረች። ባሏን ስታቅፈው አላለቀሰችም። ትከሻው ላይ ሆና ወደ በሩ ዞር ዞር ትላለች፤ ከኋላዋ ሰው የቀረ ይመስላታል። ከዚያ እኔን አየችኝ። «ይህ ማነው?» አለች።

«ደብዳቤውን ያስጻፈልን እሱ ነው» አላት።

ሻንጣዋን ለቃ መጣች። ወደ ጉልበቴ ልትወድቅ ስትል በብብቷ ያዝኳት። አምልጣኝ ግን እጄን ሳመችው። «ዕድሜ ይስጥህ፣ ልጄ። እግዚአብሔር ያክብርህ» አለች። «አንዲት ነገር ብቻ ላስቸግርህ። ለልጄም አንድ ደብዳቤ አስጽፍላት። ወረቀቷ ዘግይቶ ነው አሉኝ። ስወጣ 'እማዬ፣ በስንት ወር እመጣለሁ?' አለችኝ፤ እኔ ምን ልመልስላት? ላንተ ቀላል ነው አይደል?»

አልነገራትም። ሻምበሉ ለልጅቱ ደጁ እንደተዘጋ፣ ደብዳቤ የሚባል ነገር እንደማይከፍተው አልነገራትም። ወደ ሻምበሉ ዞርኩ፤ ይናገር ብዬ በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ጎንበስ ብሎ ሻንጣዎቹን አነሳ። ቀና ሲል በዚያ ሁሉ ወር ለመጀመሪያ ጊዜ ፊት ለፊት አየኝ። ፈገግታውን አውቀዋለሁ፤ ደስ ሲለው የሚያሳያት ፈገግታ ናት።

«እሱ ያስጽፍልሻል» አላት። «ሥራ ስለሚበዛበት ይረሳል እንጂ እምቢ አይልም። ጠይቂው። ባየሽው ቁጥር ጠይቂው።»

በሚቀጥለው እሑድ ከቅዳሴ ወጥቼ ጫማዬን ሳደርግ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆማ ስትጠብቀኝ አገኘኋት።